የታመመችው ላማችን ሐቅ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ላም ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ስለ ላም ምን ይወራል?» ብላችሁ ፈገግ እንደምትሉ ይታወቀኛል። ነገር ግን የቁርአናችን ረጅሙ ሱራ፣ 286 አንቀጾች ያሉት ሱራ፣ ስሙን ያገኘው ከላም ታሪክ ነው። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት ስለ ላም ብናወራ የሚነውር አይመስለኝም።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ የእናቴ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያላት መሬት ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። ከዚያ ውጪ ያላት ሀብት ቡሬ የምንላት አንዲት የተዳቀለች ላም ነበረች፤ ሰፈሩ «የፈረንጅ ላም» ነው የሚላት። ቡሬ የተገዛችው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በ32 ሺህ ብር ነው። ብሩ የእህቴ ነበር። ታናሽ እህቴ ሳዑዲ ሰው ቤት እየሠራች ያጠራቀመችው ነው። በ2009 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ከአገር እንዲወጡ የጊዜ ገደብ ሲሰጥ እሷም ከተመለሱት ጋር ተመለሰች። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስ ነበር። የቀረው ድካሟ ሁሉ በረት ውስጥ አራት እግር አውጥቶ ቆሟል። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ስለ ሥጋ ሻጩ ስነግራችሁ ይጠቅመናል።

ቡሬ ሦስተኛ ጥጃዋን የወለደችው አንድ ረቡዕ ከዐስር በኋላ ነው። ወሊዱ ቀላል ነበር። እንግዴ ልጁም በሌሊቱ ወጣ። እናቴ ግቷ መወጠሩን አይታ አዘነችላትና ያን ማታ እንገሩን እስከ መጨረሻው ጠብታ አለበችው፤ 8 ሊትር ያህል። ጥጃው በጊዜ ጠጣ፤ የተረፈው ተፈልቶ ለጎረቤት ታደለ። ወሎ ውስጥ እንገር ብቻውን የሚበላ ሰው ስስታም ነው።

ሐሙስ ሱብሂ ተሰግዶ እህቴ ልታልብ ስትገባ ላሟ ቆማለች፤ ግን የኋላ እግሮቿ እንደ ሰካራም ይወላገዳሉ። እህቴ ውኃ ልታመጣ ደርሳ ስትመለስ ተኝታለች። አንገቷን ጠምዝዛ አፍንጫዋን ጎኗ ላይ አስደግፋለች። አፍንጫዋ ደርቋል። እህቴ ጆሮዋን ስትይዘው፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ «ከጉድጓድ ውኃ የወጣ ጨርቅ» መሰላት፤ እንዲያ ነው የቀዘቀዘው። ኩበትም አልጣለችም፤ አልሸናችም።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ወሬ ዓይን ነው የሚል ነበር። እንገሩን የቀመሰ ሁሉ በዓይነ ቁራኛ መተያየት ጀመረ። ጎረቤታችን ሐጂ መጥተው ቀሩባት፤ እማማዎቹ ቡና አፍልተው ዱዓ አደረጉላት። አልሐምዱሊላህ፣ መልካም ሥራ ነው። ዓይን እውነት መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ይህንን የሚያስተባብል ሙስሊም የለም። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማድረጉን የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት እንደሚገባ የተማርነውም ከእሳቸው ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ይዘን ሌላውን እንጥላለን። ሐጂ፣ አላህ ይጠብቃቸው፣ ቀርተው ሲጨርሱ «በሉ አሁን ደግሞ ሐኪሙን ጥሩት» አሉ።

እህቴ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ደወለች። ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው፤ ትምህርቱ ግን የረዳት ነው፤ ራሱም «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ ብሎ ደክሞታል። ሌላ ቀበሌ ስለነበር እስከ እኩለ ቀን እንደማይደርስ ነገራትና አንድ ነገር አጥብቆ አዘዛት፦ «ምንም ነገር እንዳታግቷት። በደረቷ አስቀምጧት፣ በጎኗ አትዘርጉ።»

አጎቴ ግን ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት በጠርሙስ በጥብጦ መጥቶ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ከብት ያረባ ሰው ነው። እህቴ «አጎቴ፣ እባክህ ትንሽ እንታገሥ» ስትለው ተቆጣ። «ከሳዑዲ የመጣ ዕውቀት ነው?» አላት። እሷም ጠርሙሱን ከእጁ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችና አስቀመጠችው። እኔ ብሆን አልችልበትም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። ይህ የመጋት ነገር ብዙ ቤት አለ። ጉሮሮዋ የደከመ፣ መዋጥ ያቃታት ላም ላይ በአፍ ወይም በአፍንጫ የሚፈስ ነገር ወደ ሆዷ አይሄድም፤ ወደ ሳንባዋ ነው የሚሄደው። ልጅ ሆኜ የአባቴ አንድ በሬ ታሞ እንዲህ አጋትነው። ጭንቅላቱን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። በዚያው ሳል ያዘው፤ ሁለት ቀን ሲያጣጥር ከርሞ ሞተ። «በሽታው በረታበት» አልን። ዘይቱ ሳንባው ውስጥ እንደገባ የገባኝ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ቡሬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ይህ ልጅ ሲያስረዳ ነው። አላህ ይማረን።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ተደውሎልኝ ስደርስ ባለሙያውም ከባጃጅ ሲወርድ ተገናኘን። ቴርሞሜትሩን አስገባ፤ 36.9። ጤነኛ ላም ከ38 በላይ ናት። «ሙቀቷ ወርዷል፤ የወተት በሽታ ነው» አለ። መጽሐፉ ላይ የወተት ትኩሳት ይባላል፤ ትኩሳት ግን የለውም፣ ጭራሽ ትቀዘቅዛለች። ምክንያቱን እንዲህ አስረዳን። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም ስትወልድ አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከደሟ ወደ እንገሩ በብዛት ይሄዳል። በ10 ሊትር እንገር ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ይወጣል፤ በደሟ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ግን ጥቂት ግራም ብቻ ነው። የጎደለውን አጥንቷና አንጀቷ ቶሎ ካልተኩት ጡንቻዋ መሥራት ያቆማል። እግሯ ይዝላል፤ ሆድ ዕቃዋ ይቆማል፤ በመጨረሻ ልቧም ጡንቻ ነውና ይቆማል። ይህ ሁሉ በወሊድ ዙሪያ ባሉ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ነው የሚመጣው። ካልታከመች በአብዛኛው ትሞታለች።

እናቴ ይህን ስትሰማ ቀለም ጠፋባት። «እኔ ነኝ የገደልኳት፤ አሟጥጬ ያለብኳት እኔ ነኝ» አለች። ልጁም «እማማ፣ አልሞተችም። ለወደፊቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ጥጃው የሚጠጣውን ያህል ብቻ ይለቡ» አላት። ጥሩ አነጋገር አለው።

የካልሲየሙን ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሞቀው። ከዚያ መርፌውን አንገቷ ላይ ካለው ትልቁ ደም ሥር አስገብቶ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ለቀቀው። በአንድ እጁ ጠርሙሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ በሌላው የልቧን ምት ያዳምጣል። ፈጥኖ ከገባ ልብ ያቆማል። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመሸጫ ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትወጉ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ሱብሐነላህ! ጠርሙሱ ሳያልቅ ጎኗ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አገሳች። አፍንጫዋ ላይ ወዝ ታየ። ኩበቷን ጣለች፤ በዚያ ኩበት የተደሰትነውን ያህል በሠርግ ድግስ የተደሰትን አይመስለኝም። ሁላችንም አሁን ትነሣለች ብለን ወደኋላ ሸሸን። እሷም ልትነሣ ሞከረች፤ የኋላዋን ከፍ አደረገች፣ ግራ እግሯ ከዳት፣ ወደቀች። ደግማ ሞከረች፤ ወደቀች።

ባለሙያው ተጎንብሶ ጭኗን ዳሰሰና «በሽታው ለቋታል። አሁን የሚገድላት መተኛቷ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረቱ የድንጋይ ንጣፍ ነበረው። 400 ኪሎ የምትሆን ላም በአንድ እግሯ ላይ ስድስት ሰባት ሰዓት ስትተኛ ከታች ያለው ጡንቻና ነርቭ ይሞታል፤ እኛ እግራችን ላይ ተቀምጠን እንደሚደነዝዘን፣ የከፋ ሆኖ። እንግዲህ መርፌ የለውም። ለስላሳ መኝታ፣ ማገላበጥ፣ መመገብና መታገሥ ብቻ ነው።

በዚያው ዕለት የአሮጌውን ኩሽና በር ነቀልን። ስምንት ጎረምሶች ላሟን በሩ ላይ አንከባለው ከድንጋዩ አውጥተው ግቢው ውስጥ ከዋንዛው ሥር አፈር ላይ ጎተቷት። ጭዱን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን አነጠፍንላት። ጭድ የሞላ ማዳበሪያ በግራና በቀኝ አስደግፈን በደረቷ እንድትቀመጥ አደረግን፤ በጎኗ ከተዘረጋች ሆዷ ይነፋል፣ ያመነዠከችውም ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። የኋላ እግሮቿ ሲንሸራተቱ እንዳይከፈቱ በለስላሳ ገመድ አላልቶ አሰራቸው። ቀን በሸራ አጠለልንላት፤ ሌሊት ጥቅምት ነውና የሐይቁ ብርድ አይጣል ነው፣ ማዳበሪያና የእናቴን አሮጌ ጋቢ ደረብንላት።

«በየ4 ሰዓቱ አገላብጧት» ነበር ትእዛዙ። እህቴ በሶላት አከፋፈለችው። ሱብሂ ሰግዳ ታገላብጣታለች፤ ከዚያ በዱሓ፣ በዙሁር፣ በዐስር፣ በዒሻ፣ አንዴ ደግሞ እኩለ ሌሊት። መግሪብና ዒሻ ስለሚቀራረቡ መግሪብን ለመኖዋና ለውኃዋ አደረገችው። ሰዓት ማየት አላስፈለገንም፤ አዛኑ ይነግረናል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ጭንቅላቷን ይዞ አንገቷን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል፣ ሁለቱ ከታች የዋለውን እግር አውጥተው ያዞራሉ። ከዚያ ጭኗን በእጅ ማሸት፣ የረጠበውን ጭድ ማንሳት። እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጡት ሁለት የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ምንዳቸው አላህ ዘንድ ነው። አንደኛው ክረምት ላይ ከእኛ ጋር በድንበር ተጣልቶ የነበረ ቤት ልጅ ነው።

ውድ አድማጮቻችን! አሁን ወደ ሥጋ ሻጩ እንምጣ።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ሰው መጣ። ላሟን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «9 ሺህ ልስጣችሁ፤ ዛሬ ማታ ቢላ ይግባባት» አለ። አጎቴ ደገፈው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ከሞተች በክት ናት፤ ሥጋዋም ለማንም አይሆንም፣ የቆዳዋ ዋጋ ከቁም ነገር አይገባም። በሕይወት ሳለች ከታረደች ግን ሐላል ናት፤ የተወጋችውም ካልሲየም ብቻ ስለሆነ ሥጋዋን የሚከለክል መድኃኒት የለባትም። 9 ሺህ ብር ወይስ ምንም? እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከአጎቴ ጋር ነበርኩ። ሰበቤም የተማረ ሰው ሰበብ ነበር፦ «እንስሳዋ እንዳትሠቃይ» አልኩ። ሥቃይዋ ግን አልነበረም ያስጨነቀኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደሴ ሥራ ነበረብኝ።

እህቴ ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ «ጋሼ፣ አሁን ሄደህ የሰጠሁህን ሣር ትበላ እንደሆነ እይልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ቡሬ ከሐይቁ ዳር የታጨደውን እርጥብ ሣር ከእጄ ተቀብላ በላች። ዓይኗ ጥርት ብሏል። ጆሮዋ ሞቋል። ተመልሼ «ትበላለች» አልኩ። «እሺ፤ የምትበላ እንግዳ ከቤት ይባረራል?» አለች እህቴ።

ባለሙያውን ደውለን ጠየቅነው። መልሱ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «በየጠዋቱ ሦስት ነገር እዩ፤ ትበላለች ወይ? በደረቷ ትቀመጣለች ወይ? ለመነሣት ትሞክራለች ወይ? ሦስቱም እስካሉ አትረዱ። ተዘርግታ መብላት ካቆመች ግን ለእሷም ለእናንተም ማቆየቱ ግፍ ነው፤ ያኔ በጊዜ እረዱ» አለ። ስለዚህ የታመመን ከብት ማረድ ሁልጊዜ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንዴ እዝነት እሱ ነው። ስህተቱ ገና ሳይታይ ቢላ ማንሳቱ ነው።

ከዑለሞቻችን መካከል በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም እንስሳት በሰው ላይ ስላሏቸው ሐቆች ጽፈዋል። የመጀመሪያው ቀለቧን መስጠት ሲሆን፣ አርጅታ ወይም ታማ ምንም የማትጠቅም ብትሆን እንኳ ይህ ሐቋ አይወድቅም ይላሉ። ልብ በሉ፤ ከ700 ዓመት በፊት ነው። የጥማተኛውን ውሻ ታሪክ ሁላችንም በመስጊድ ሰምተናል፤ ስለ ድመቷና ስላሰረቻት ሴትም ሰምተናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንሷሮች የአንዱ ግመል ረኃቡንና ድካሙን ቢያሰማቸው ባለቤቱን ጠርተው እንደወቀሱትም እንዲሁ። የሰማነውን ሁሉ እናውቀዋለን፤ እኔም አውቀው ነበር። 9 ሺህ ብር ሲቆጠር ግን ከአእምሮዬ አንዱም አልመጣም። በኋላ ነው የመጡት።

ሥጋ ሻጩ «እሑድ በ5 ሺህም አልወስዳትም» ብሎ ሄደ። እኔም ደሴ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁ።

ዓርብና ቅዳሜ የሚነገር ነገር የላቸውም። ማገላበጥ ነው። መጀመሪያ ቀን ግማሽ ባልዲ ብቻ የጠጣችው ቅዳሜ አራት ባልዲ ጠጣች። ፉርሽካ በለብታ ውኃ በጥቂት ጨው እየተለወሰ፣ የኑግ ፋጉሎ ትንሽ ጣል እየተደረገበት ይሰጣታል። ጥጃዋን ከፊቷ አሰርነው፤ እሱን ለመላስ አንገቷን ስትዘረጋ በደረቷ ትቆያለች፤ ይህንን ያሰበችው እናቴ ናት።

ቅዳሜ አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀና ጅራቷን ጠምዝዞ በዱላ ሊያስነሣት ሞከረ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ላሟ ጮኸች፣ ተፍጨረጨረች፣ ወደ ጎኗ ወደቀች። እህቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ምንም አልተናገረችውም። አጎቴ ዱላውን ጣለና ወጣ። ማታ ከዒሻ በኋላ ስንሄድ እሱ ብቻውን ተቀምጦ የላሟን ጭን ያሻል። «የቱ ጋ ነው የሚታሸው? ይሄ ጋ ነው?» አለኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከሦስቱ አገላባጮች አንዱ እሱ ሆነ።

እሑድ ሁለት ጆንያ አንዱን ከደረቷ ሥር፣ አንዱን ከሆዷ ሥር አሳልፈን በስድስት ሰው ደግፈን አነሣናት። ክብደቷን እኛ ይዘን እግሯ መሬት እንዲነካ ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆመች፤ ግራ እግሯ ተንቀጠቀጠ፤ ቀስ ብለን አስቀመጥናት። ማታም ደገምነው። ሰኞ ጠዋት ሱብሂ ሰግደን ስንወጣ በቡሬ በኩል የማዳበሪያ መጎተት ድምፅ ሰማን። የኋላዋን ቀድማ አንሥታ፣ የፊት ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ነበር። ላም የምትነሣው እንዲያ ነው፤ ከኋላ ነው የምትጀምረው። ማናችንም አልተጠጋንም። ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ አንዱን የፊት እግር ዘረጋች፣ ሌላውን ዘረጋች፣ ቆመች። አላሁ አክበር ያለው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ሁላችንም ሳንሆን አንቀርም። አምስት ደቂቃ ቆማ ራሷ ተኛች። ማክሰኞ ወደ ውኃው እያነከሰች ሄደች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ለእኛ ከባዱ ፈተና ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

ረቡዕ ከአራቱ የግቷ ክፍሎች አንዱ አብጦ፣ ደንድኖ፣ ሞቆ ተገኘ። ሲታለብ እንደ አይብ የተቆራረጠ ነገር ይወጣል። መሬት ላይ ለቀናት የተኛች ላም ግት በቀላሉ ይመረዛል። ባለሙያው መጥቶ በጡቷ ጫፍ የሚገባ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጀመረላትና «ከሦስቱ ጤነኛ ጡቶች የሚታለበውም ቢሆን ለሰው አይሰጥም። መድኃኒቱ ከሚያልቅበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 4 ቀን ቆጥራችሁ ነው የምትሸጡት» አለ። የቀኑ ብዛት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ።

እስቲ የእኛን ቤት አስቡት። ለሳምንት ገቢ የለም። ለባለሙያው፣ ለመድኃኒት፣ ለፉርሽካ ብድር ተገብቷል። ቡሬ አሁን በቀን 7 ሊትር ትሰጣለች፤ ከሦስቱ ጡቶች የሚወጣው ወተት ነጭ ነው፣ ይሸታል ወይም ይኮመጥጣል የሚባል ነገር የለውም። ከተማ ያለው ሻይ ቤት በየቀኑ ልጅ እየላከ «ወተቱ መቼ ነው?» ይላል። ማን ያውቃል? ማንም። እናቴ ራሷ «ልጄ፣ ተፈልቶ ነው እኮ የሚጠጣው» አለች። ማፍላት ተሕዋሲያንን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ወተቱን ከሚጠጡት መካከል የጎረቤታችን ሕፃን ልጅ አለ። መድኃኒቱ የማይስማማው ሰው ሰውነቱ ሊያብጥ፣ ሊታፈን ይችላል። ጤነኛውም ቢሆን በትንሽ በትንሹ ሲወስደው ቆይቶ በታመመ ጊዜ መድኃኒቱ ላይረዳው ይችላል፤ ተሕዋሲያኑ ይለምዱታል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ነጋዴው እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢው ቢያሳይ ምንም አልነበረበትም። ወተት ግን እጅ ቢከቱበትም አይታወቅም። ከላይም ከታችም ነጭ ነው።

እህቴ ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረች። ጠዋትና ማታ እያለበች ትደፋዋለች፤ ጡቱ ካልታለበ አይድንምና ማለቡ ግድ ነው። ለጥጃውም እሱን አልሰጠችውም፤ ከጎረቤት በቀን 4 ሊትር እየገዛን አጠጣነው። ወተት እየደፋን ወተት እንገዛለን ማለት ነው። የሚያዩን ሰዎች አሾፉብን። ሻይ ቤቱ ሲጠይቅ እናቴ «ታማብናለች፣ መድኃኒት ላይ ናት» ብላ በግልጽ ነገረችው። እሱም ሌላ ሰው ጋ ሄደ፤ አልተመለሰም። የሕፃኑ እናት ግን ቀኑ ሲሞላ የመጀመሪያዋ ሆና ማሰሮዋን ይዛ መጣች፤ እስከ ዛሬም ደንበኛችን ናት።

ባለሙያው የመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ስለ ቀጣዩ ወሊድ አንድ ነገር ነገረን። እናቴ ላሟ እርጉዝ ሳለች ትጠንክር ብላ ከጓሮው አልፋልፋ በብዛት ታበላት ነበር። አልፋልፋ ለምታለብ ላም ግሩም መኖ ነው። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት የእርግዝና ሳምንታት ካልሲየሙን ያለ ድካም ከመኖዋ ስታገኝ ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ይረሳዋል፤ ድንገት ወተቱ ሲመጣ ይደናገጣል። ስለዚህ በዚያ ጊዜ አልፋልፋውን አስቀርታችሁ ድርቆሽና ጭድ ስጧት፣ አታወፍሯትም፤ አንዴ በዚህ የታመመች ላም ደግማ ልትታመም ትችላለችና ስትወልድ ቀድማችሁ ጥሩኝ አለን። አጎቴ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማና «ልጄ፣ ፌጦውስ?» አለው። ልጁ ሳቀ። «ፌጦው ለእርስዎ ይሁን» አለው።

ቡሬ በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግማ ወለደች። በረቱ ድንጋዩ ተነሥቶ አፈር ሆኗል። እህቴ ያን ሌሊት ፍራሽ አውጥታ በረት ውስጥ አደረች፤ አጎቴም በሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። እኔ ደሴ ሆኜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «አሁን ይዤዋለሁ። ጆሮዋ ሙቅ ነው። ተኛ።»